ሰው እየሰማ የጠየቅኳት ልጅ

ሰኞ
ምን ነበር ዝም ብዬ ብሰጣት! ረፋዱ ላይ መድኃኒት ቤታችን በሰው ተሞልቶ ሳለ አንዲት ልጅ መጣች። ዕድሜዋ ከእኔ አይበልጥም፣ ሃያ ሁለት ቢሆናት ነው። እጇም ቀሚሷም በርበሬ ብቻ። ባንኮኒው ላይ ጎንበስ ብላ «የሰባ ሁለት ሰዓቱን ኪኒን» አለችኝ በሹክሹክታ። «እንዳላረግዝ። ትናንት ማታ ነው።»

እኔስ? «ባል አለሽ?» አልኳት፣ ሰው ሁሉ እየሰማ።

የደም ግፊት መድኃኒት የሚጠብቁ አንዲት እናት «እሰይ የኔ ልጅ፣ እንዲህ ገሥጪያቸው!» አሉኝ። ደስ አለኝ። እውነቱን ልጻፍ፣ ደስ አለኝ። ልጅቷ ኪኒኑን ሳትወስድ ወጣች።

እኔም ባል የለኝም። ግራ ክንዴ ውስጥ ግን የሦስት ዓመት የእርግዝና መከላከያ ተቀብሯል። ማንም የማያውቀኝ ሰፈር ሄጄ ነው ያስቀበርኩት። ነርሷ ስለ ባል አልጠየቀችኝም።

ማክሰኞ
ሥራው ሁሉ ተምታታብኝ። ቆጠርኩ፦ ሰባ ሁለት ሰዓቱ የሚያበቃው ነገ ማታ ነው። በዘገየ ቁጥር ደግሞ ኪኒኑ አቅሙ ይቀንሳል።

በምሳ ሰዓት የቀሚሷን በርበሬ አስታውሼ ወደ በርበሬ ገበያው፣ በርበሬ በረንዳ፣ ሄድኩ። ስሟን አላውቅም። «ቀጭን፣ ጠይም፣ ግንባሯ ላይ ጠባሳ ያላት» እያልኩ በርበሬ የሚቀነጥሱትን ሴቶች ጠየቅኩ።

«ምን ሰርቃ ነው?» አለችኝ አንዷ።

በድያት ነው ማለት አቃተኝ። እያስነጠስኩ ተመለስኩ።

ረቡዕ
አገኘኋት! ጠዋት፣ ሥራ ሳልገባ፣ እዚያው በርበሬ በረንዳ። ስታየኝ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳበች። ከሰው ራቅ አድርጌ ኪኒኑንና የታሸገ ውሃ ሰጠኋት።

«ሌላ ፋርማሲ አልሄድሽም?»

«እዚያም እንዲሁ ቢሉኝስ ብዬ።»

ዋጠችው። አለሚቱ ትባላለች። የወንድ ጓደኛዋን ኮንዶም እናድርግ ስትለው «አታምኚኝም እንዴ?» ይላታል። እሷም እንዳይቀየማት እሺ ትላለች።

ይቅርታ ጠየቅኳት። መሬት መሬት እያየች «እኔ እኮ የተማረ ሰው አያሳፍረኝም ብዬ ነው ወደ አንቺ የመጣሁት» አለችኝ። የወር አበባዋ ከዘገየ እንድትመረመር ነገርኳት። መምጣት ካፈረች ብዬ ስልክ ቁጥሬንም ሰጠኋት።

ሰኞ፣ ከሁለት ሳምንት በኋላ
የማላውቀው ቁጥር ደወለ።

«መጣ» አለችኝ።

«አለሚቱ? የወር አበባሽ?»

«አዎ። ዛሬ ጠዋት።»

ዘጋችው። ዕቃ ግምጃ ቤት ገብቼ ካርቶን ላይ ቁጭ አልኩ። ተመስገን። ይቅር ትበለኝ አትበለኝ ግን አልነገረችኝም። እኔም መልሼ ደውዬ ልጠይቃት አልደፈርኩም።