የሚደምረው ሣጥን የማን ነው?

ማርች 4፣ 1783
ዝናብ። የዳኛውን የኪስ ሰዓት ሞላ ቀየርኩ። ምሳ ምስርና ጥቁር ዳቦ። ከሰዓት በኋላ ቁጥር የሚደምረውን ሣጥን እንደገና ፈታሁት። ከሰባቱ የቁጥር ጎማዎች ስድስቱን ዘጠኝ ላይ አድርጌ አንድ ስጨምር ይነክሳል… እጀታው አልዞር ይላል። ባሌ ሌዮንሃርት፣ ነፍሱን ይማረውና፣ እዚህችው ላይ አራት ዓመት ታገለ። ከሞተ ሁለት ክረምት። እኔ ገና አልተውኩትም።

ማርች 9
ኮንራት ፋውት መጣ፤ የሰዓት ሠሪዎች ማኅበር አለቃ። ሳያንኳኳ ገባ።
«የሌዮንሃርት ሚስት፣ ጊዜሽ እስከ ፋሲካ ነው። ወይ የማኅበሩን ሰው ታገቢያለሽ፣ ወይ ሱቁ ይዘጋል።»
«የትኛውን ሰው?»
«ወንድሜ ባርተል ሚስቱ ሞታበታለች።»
«የባርተል እጅ እኮ ይንቀጠቀጣል። ሞረድ እንኳ አይዝም።»
«አንቺ ትሞርጂለታለሻ! ስሙ የሱ ይሆናል።»
ሲወጣ ሣጥኑን በጣቱ ነካ ነካ አድርጎ፣ «የባልሽን ሥራም ማኅበሩ ይረከበዋል» አለ። የባልሽን ሥራ! ሐሳቡ የሱ ነው፣ አልክድም። የጎማዎቹን ጥርሶች አንድ በአንድ የሞረደውስ ማን ነው? ምነው ዝም አልኩት?

ማርች 10
ሁለተኛ ዝም አልልም።

ማርች 17
ጎረቤቴ ኡርዜል ዳቦ ይዛልኝ መጣች። እጀታው ሲነክስ አይታ ሳቀች። «ስድስት ሰካራም በአንድ በር እኩል ልውጣ ሲል ነው የሚመስለው!»
እኔ አልሳቅኩም። ጎማዎቹን የሚገፉት መንጠቆዎች ሁሉ እኩል እንዲነሱ አድርገን ነበር የሠራናቸው… እያንዳንዱ ከቀዳሚው ትንሽ ዘግይቶ ቢነሳስ? ተራ በተራ?
ዳቦውን ረሳሁት። ድመቷ በላችው።

ማርች 29
ስድስት መንጠቆ ሠራሁ። ሦስቱ ተሰበሩ። ጣቴ ቆስሏል። ነገ እንደገና።

ኤፕሪል 2
ዞረ!! ዘጠኝ መቶ ዘጠና ዘጠኝ ሺህ ዘጠኝ መቶ ዘጠና ዘጠኝ፣ ሲደመር አንድ። ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ… ዜሮዎቹ ከቀኝ ወደ ግራ ተራ በተራ ወጡ። ሰባተኛው ጎማ ላይ፣ አንድ። መሬት ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።
ከዚያ ተነስቼ ለከተማው ምክር ቤት ጻፍኩ። ሣጥኑን በፊታችሁ ላሳይ፤ ሥራዬ መሆኑን አይታችሁ ሱቄን ተዉልኝ።

ኤፕሪል 11
የምክር ቤቱ አዳራሽ ጢም ብሎ ነበር። መሬት ለኪው ማቲያስ ክኖል ቁጥር እየጠራ እኔ አዞርኩ። ሣጥኑ አንድም አልሳተ። ፋውት ተነሳ።
«ሌዮንሃርት ትልቅ ሰው ነበር! ሚስቱማ እጀታ አዞረች፤ ሌላ ምን ሠራች?»
ሳቁ። ብሎን መፍቻውን አነሳሁ። ክዳኑን፣ ጎማዎቹን፣ መንጠቆዎቹን፣ ሁሉንም ፈትቼ ጠረጴዛው ላይ ዘረገፍኩት።
«እንግዲህ አለቃ፣ የሙያው አባት እርስዎ ነዎት። ይግጠሙት።»
ሁለት ጎማ አንስቶ አገላበጠ። መልሶ አስቀመጠ። «ይሄ እንኳ… ጊዜ ይፈልጋል።»
«ለኔ አይፈልግም» አልኩና ገጠምኩት። እንደገና ስድስቱን ዘጠኝ፣ ሲደመር አንድ። ቀጭ፣ ቀጭ…
ጸሐፊው ብዕሩን ነክሮ ጠየቀ። «ሠሪው ማን ተብሎ ይጻፍ?»
«ሠሪዋ» አልኩት።
ጻፈው። በዓይኔ አየሁ።

ኤፕሪል 14
ከምክር ቤቱ መልስ መጣ። ሥራው ድንቅ ነው፤ ሕጉ ግን ሕግ ነው፤ ሱቅ የሚያስከፍተው የማኅበር ማኅተም ለሴት አይሰጥም። ሱቁ በፋሲካ ይዘጋል።
ባርተልም ሊያየኝ መጥቶ ነበር፣ ምስኪን። «ኮንራት ላከኝ እንጂ እኔስ…» አለ። ሾርባ አቀረብኩለት። ጠጥቶ ሄደ። አላገባውም።
የማኅበሩ ሕግ ግን እስከ ከተማው በር ድረስ ብቻ አይደል?

ኤፕሪል 23
ከበሩ ውጭ፣ ወንዙ ማዶ ያለውን የቆዳ ፋቂ ቤት ያዝኩ። ይሸታል። ብረት መያዣ ሞርሳውን በኡርዜል ጋሪ አሻገርን። ስንወጣ የበሩ ዘበኛ «ወዴት ነው?» ቢለኝ፣ «ወደ ሥራዬ» አልኩት።

ሜይ 20
ክኖልና ጓደኞቹ ሁለት ሣጥን አዘዙ። እንግዲህ መሬት ሲለኩ ውለው ማታ ሲደምሩ አያመሹም። በክዳኑ ላይ ስሜን ሙሉ ቀረጽኩ፣ ቫልቡርጋ ኤሂንገር። የመጨረሻዋ «ር» ጅራት ትንሽ ተጣመመችብኝ። ትጣመም።

ጁን 18
ከፋውት ደብዳቤ! በ«እርስዎ» ነው የጻፈልኝ። ማኅበሩ ተመሳሳይ ሣጥን ሲሞክር ነክሶበታል፤ የመንጠቆውን አሠራር መጥተው ቢያሳዩን፣ ይላል።
ሦስት ጊዜ አነበብኩት። መልሱን ወዲያው ጻፍኩ።
«እኔ አልመጣም፤ እናንተ ኑ። አሳያችኋለሁ። ወንበር ግን የለኝምና ከየቤታችሁ ይዛችሁ ኑ።»