«አጥፊው» ያልኳት ዕለት

ሰኞ፣ ጥር 18
ከየካ አባዶ ታክሲ ጠፍቶ አርፍጄ ገባሁ። ሔራን ወንበሬ ላይ ተቀምጣለች... ወንበሬ ላይ! መምህርት ሆና ከመጣች ገና ሦስት ወሯ ነው። እሑድ መጥታ የቢሮውን ኮምፒውተር አፕዴት አድርጋዋለች። ዳይሬክተሯ ወይዘሮ ውዴ «አየኸው አበራ፣ እንዴት እንደፈጠነ?» አሉኝ። አየሁት። እዚህ ትምህርት ቤት ኮምፒውተር ሳስተምርና ስጠግን ሰባት ዓመቴ፤ እንዲህ ብለውኝ ያውቃሉ?

ማክሰኞ፣ ጥር 19
መምህራኑ ሁሉ «ሔራን፣ ሔራን»። ፍላሽ አልከፈት ሲላቸው እንኳ እኔን አልፈው ወደ እሷ። ከየካ ሚካኤል እስከ መገናኛ በእግሬ ወረድኩ። አልበረደልኝም።

ረቡዕ፣ ጥር 20
አልጽፈውም ብዬ ነበር...
ከአፕዴቱ በኋላ ዲስኩ ሞላ። ኮምፒውተሩ ራሱ «ከእንግዲህ አያስፈልጉም» ያላቸው ስልሳ አንድ ፓኬጆች፣ ማለት ትንንሽ ፕሮግራሞች፣ ስክሪኑ ላይ ተዘረዘሩ። ሔራን ዝም ብላ አላጠፋቻቸውም። መጀመሪያ ፋይሉን ሁሉ ወደ ውጭ ዲስክ ገለበጠች። ከዚያ ስክሪኑን ወደ እኔ አዞረች።
«ጋሽ አበራ፣ ይሄን ማሽን የሚያውቁት እርስዎ ነዎት። እዚህ ውስጥ የሚያስፈልገን ይኖራል?»
ነበረ። አሮጌውን ፕሪንተር የሚያሠራው። ድሮ ከሌላ ፕሮግራም ጋር ተያይዞ ነው የገባው፤ ያ ፕሮግራም በአፕዴቱ ሲወጣ ይሄኛው ባለቤት የሌለው መሰለ። በዓይኔ አየሁት።
«የለም፤ አጥፊው» አልኳት።
«እርግጠኛ ነዎት?»
«ሰባት ዓመት ሠርቼበት?»
አመሰገነችኝ። ምን ነካኝ?

አርብ፣ ጥር 22
ነገ ወላጆች ካርድ ሊወስዱ ይመጣሉ። ፕሪንተሩ ዝም። የትምህርት ቤቱ ኢንተርኔት ከጠዋት ጀምሮ የለም፤ ፓኬጁን መልሶ ማውረድ አይቻልም። ወይዘሮ ውዴ መምህራኑ ፊት ሔራን ላይ ጮኹባት። «ማን አጥፊ አለሽ?»
አየችኝ። አንዴ ብቻ። «የእኔ ጥፋት ነው» አለች።
ስሜን ለምን አልጠራችም?
ላምበረት ካለ ኢንተርኔት ቤት በፍላሽ አውርጄ መጣሁ፤ ጫንኩት፤ ካርዱ ታተመ። ወይዘሮ ውዴ ትከሻዬን መታ አድርገው «ድሮም አንተ ነህ የኛ ሰው» አሉ። ለዚህች ቃል ነበር ያ ሁሉ... ሔራን ካርዶቹን በየክፍላቸው እየደረደረች ነበር። ሰምታለች።

ቅዳሜ፣ ጥር 23
ወላጆች እንደሄዱ ቢሮ ገባሁ። ሔራንም ነበረች።
«ጠይቃኝ ነበር። እያወቅኩ ነው አጥፊው ያልኳት።»
ወይዘሮ ውዴ መነጽራቸውን አወለቁ። «ለምን፣ አበራ?»
«ቀናሁ።»
ሌላ ሰው የተናገረው መሰለኝ። ሔራን ቦርሳዋን አንሥታ ወጣች።

ሰኞ፣ ጥር 25
የቢሮው ማሽን በሔራን ኃላፊነት ሆነ። እሷ ሳትፈቅድ አልነካም። ይገባኛል... አሁንም ግን ይቆረቁረኛል፤ ልዋሽ?
ከሰዓት በኋላ መማሪያ ክፍሉ ውስጥ ካሉት ኮምፒውተሮች ሊጠፉ የታሰቡትን ፓኬጆች ዝርዝር አትማ ጠረጴዛዬ ላይ አኖረች። ከእያንዳንዱ ስም ጎን ምን እንደሚሠራ ጽፌ፣ «ይቆይ» ወይም «ይጥፋ» ብዬ ልፈርም።
«ቃልዎን አላምንም» አለችኝ፣ እንደቆመች። ቆይታ ደግሞ፣ «ግን ከእርስዎ ሌላ የሚያውቃቸው የለም።»
እስክሪብቶ አወጣሁ። ሁለተኛው ገጽ ላይ አይቼ የማላውቀው ስም አገኘሁ። ደጋግሜ አየሁት። ሔራን አጠገቤ ቆማ ትጠብቃለች።
ከጎኑ «አላውቀውም» ብዬ ጻፍኩ።