ከአንቺ እስከ ልጅሽ

አብሮ አደጌ፣

«ሩቅ ነው፣ አልችለውም» ብለሽ ስለቀረሽ፣ አውሮፕላኑ ውስጥ ርቀቱን ስለካልሽ ዋልሁ። አስተናጋጁ ዘጠኝ ሺህ ኪሎ ሜትር፣ የአሥራ አንድ ሰዓት በረራ ነው አለኝ። ፊቴ ባለው ስክሪን፣ ካርታው ላይ በእጄ ብለካው ግን ከአንቺ እስከ ልጅሽ አንድ ስንዝር አይሞላም። «እማማ፣ በእርስዎ ስንዝርማ ቢሆን ደርሰን ነበር» ብሎ ሳቀ። ፀሐይዋ ክንፉ ላይ ተቀምጣ አልጠልቅ አለች፤ ደመናውም ፍራሽሽን ፈትተሽ ያሰጣሽውን ጥጥ ይመስል ነበር። የሰፈራችን አውቶቡስ ከዚህ ይበልጥ ያንገላታል።

አውሮፕላን ማረፊያው ደጃፍ ላይ ልጅሽ አቅፋኝ ሳለ ዓይኗ ከኋላዬ አንቺን ይፈልግ ነበር። «እማዬ ዘንድሮም ፈራች?» አለችኝ።

የምጽፍበት ፖስት ካርድ ሞላብኝ። ጎረቤቱን ሁሉ ሳሚልኝ። ለከርሞ አብረን እንመጣለን፤ የመስኮቱን ወንበር ለአንቺ እለቃለሁ።