ለማክሰኞ የተገዛ ሽቶ

ቤር ሼቫ፣ ሽኩና ጊሜል
እሑድ፣ ጥር 24 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለምናፍቅሽ እማዬ፣

የእህትሽ እግር እንዴት ሆነላት? እሷን ልታስታምሚ ጎንደር ከሄድሽ አራት ወር ሞላ፤ ቤቱ ጭር ብሏል። አዝመራው፣ የአክስቴ ልጅ፣ ደብዳቤውን የምታነብላት አንተ ነህና አደራህን ምንም እንዳትዘል።

ማክሰኞ ሺሙዓ አለብኝ፤ ከሥራ ከማባረራቸው በፊት “እስቲ የምትይው ካለሽ” የሚሉበት ስብሰባ ነው። የምሠራበት ፋርማሲ አለቃ ኒሲም “ደንበኞች በከባድ ሽታዋ ያማርራሉ” ብሎ ጻፈብኝ። በዚያ ሳምንት ሽቶ የሚባል አልነካሁም፤ በሳሙና ታጥቤ ነው የሄድሁት። ካሉ አይቀር እውነት ይሁንላቸው ብዬ ዛሬ ሽቶ ልገዛ ወጣሁ።

አምበር ከሚሉት የሽቶ ዓይነት ሁለት ብልቃጥ አማረጥሁ። አንዱ ቫኒላ የበዛበት፣ ለስላሳ። ሌላው ቅርንፉድና ኮረሪማ ያለበት፣ ደረት የሚያሞቅ። ሻጯ ግራ እጄ ላይ የቫኒላውን፣ ቀኝ እጄ ላይ የቅርንፉዱን ረጨችልኝ።

“ማሚ፣ የግራው ለሥራ፣ የቀኙ ለሠርግ” አለች።

“ለሺሙዓስ?”

“ለሺሙዓማ ጠበቃ ነው የሚያስፈልግሽ።”

ሳቅን። ግራዬን አሸተትሁ፤ ቀኜን አሸተትሁና እዚያው ቀረሁ።

አዝመራው፣ ከዚህ በኋላ ያለውን ወደ ጆሮዋ ጠጋ ብለህ አንብብላት።

እማዬ፣ ነጠላሽን የምታኖሪበት ሻንጣ ትዝ ይልሻል? እጥፋቱ መሀል በጨርቅ የተቋጠረ ቅርንፉድ ነበረበት። የበዓል ዋዜማ ስትከፍቺው ጭንቅላቴን እከትበት ነበር፤ “ልጄ፣ ለኛም አስተርፊልን” ትይኝ ነበር። አራተኛ ክፍል ሳለሁ ለወላጆች ስብሰባ ያንን ነጠላ ለብሰሽ መጣሽ። ልጆቹ አፍንጫቸውን ያዙ። ቤት ስንገባ “ሽታሽ ይከብዳል” ያልሁሽን አንቺም አልረሳሽውም። ነጠላውን ሁለት ቀን በረንዳ ላይ አሰጣሽው፤ ቋጠሮውን ጣልሽው። ከዚያ ወዲህ ቤታችን የሳሙና ሽታ እንጂ ሌላ የለውም።

የኒሲምን ወረቀት ሳነብ ያንገበገበኝ፣ ቃሉ አዲስ አለመሆኑ ነው።

የቀኙን ገዛሁ። ማክሰኞ አንገቴ ላይም ሸሚዜ ላይም አድርጌው እገባለሁ፤ የከበደው መስኮት ይክፈት። የሽታዬን ነገር አልከራከራቸውም፤ የምጠይቃቸው የሥራዬን ጉድለት ነው፤ ካገኙ ያሳዩኝ። ቢያባርሩኝም የፋርማሲስትነት ፈቃዴ በስሜ ነው፤ ሌላ ፋርማሲ አይጠፋም።

“ምን ላምጣልሽ?” ብለሽ በስልክ ስትጠይቂኝ “ምንም” አልሁሽ። አሁን ግን የምጠይቅሽ አለኝ። ከጎንደር ገበያ ቅርንፉድ ግዢልኝ፤ እዚህም ይሸጣል፣ ግን አንቺ መርጠሽ፣ በእጅሽ ቋጥረሽ አምጪልኝ። እምቢ ብትይም አልፈርድብሽም።

የአባቶቻችን አምላክ እህትሽን ያቁምልሽ፣ አንቺንም በሰላም ያግባሽ።

ልጅሽ፣
ትዋብ