ከመሸከሚያው ሥር ያለ ቦታ

ኦገስት 5 ቀን 1998

አባትህ ትናንት ለቀዶ ሕክምናው አልሄደም።

ካታልዶ ልጄ፣ እንዴት ነህ? ያልደወልኩልህ አባትህ ኦሮንዞ ከስልኩ አጠገብ ስለማይነሣ ነው። «ለልጁ ትንፍሽ እንዳትዪ» ብሎኛል።

እምብርቱ ላይ ያበጠችው ሄርኒያ ናት፤ አንጀቱ ነው ወደ ውጭ የሚገፋው። ሐኪሟ የሆዱ ግድግዳ ተቀዷል፣ ቀዳዳው ግን ከጣት ጫፍ አይበልጥም አለች።

«በክር ብቻ ብሰፋው ተመልሶ ሊከፈት ይችላል። ትንሽ መረብ ባደርግበት ይሻላል። በዚያው ቀን ቤትዎ ይገባሉ።»

«ዕድሜዬን ሙሉ መረብ የጣልኩት ለዓሣ ነው፤ አሁን ለእኔ?»

«ዓሣ ቢሆኑማ ዝም ይሉልኝ ነበር።»

ሳቀ። ከዚያ መቼ መሸከም እንደሚችል ጠየቃት። ለሳምንታት ከባድ ነገር አያነሡም ስትለው ኮፍያውን አደረገ።

የቅዱስ ሮኮ በዓል፣ ሐውልቱን በትከሻ ተሸክመው የሚዞሩበት ቀን፣ ደርሷል። ደንቡን ታውቃለህ፤ ከሐውልቱ መሸከሚያ ሥር ያለ ቦታ አንድ ዓመት ባዶ ከዋለ ለሌላ ቤተሰብ ይሰጣል። የሚተካው ወንድም ወይም ልጅ ብቻ ነው። ወንድም የለውም።

ስለዚህ እናቱ ለጨቅላ ሕፃን ታደርግ እንደነበረው እምብርቱ ላይ ሳንቲም አድርጎ፣ በፋሻ ጠፍሮ ልምምድ ይሄዳል። እሑድ ሲመለስ እብጠቷ አልገባ ብላው ወጥ ቤት ወለል ላይ በላብ ተጠምቆ ተንጋለለ። በመከራ ገባች። «አየሽ? ሳንቲሙ ይሠራል» አለኝ። ሐኪሟ ግን አንጀቱ እዚያ ቀዳዳ ውስጥ ከታነቀ ሊሞት ይችላል ብላኛለች። ከዚያ ወዲህ እሱ ባሳለ ቁጥር ከተቀመጥኩበት እነሣለሁ።

የተሸካሚዎቹን ማኅበር አለቃ ሚኑቾን ሄጄ እኔ ልሸከምለት አልኩት።

«አዶሎራታ፣ አንቺማ ኦሮንዞን ተሸክመሽ የለ እንዴ? እሱ አይበቃሽም?» ብሎ ሰው ሁሉ እየሰማ ሳቀብኝ።

ና አልልህም። እዚያ ጀርመን ሥራ እንዳለብህ አውቃለሁ። ባለፈው የገና በዓል ከአባትህ ጋር የተባባላችሁትንም አልረሳሁም። ሾርባ ትበላለህ? ደረትህን ከብርድ ጠብቅ። ቅዱሱ እጅህን ከማሽን ይጠብቅልኝ፤ መንገድህን ያቅናልህ።

እናትህ አዶሎራታ

ይህን የጨረስኩት ወንበር በጨርቅ የሚያለብሰው ሰውዬ ሱቅ ቁጭ ብዬ ነው። አባትህ መሸከሚያው እንዳይቆረቁረው ትከሻው ላይ የሚያደርገውን ትራስ አሳድሺ ብሎ ልኮኝ ነው። ሰውየው ሜትሩን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ «በኦሮንዞ ልክ ነው አይደል?» ይለኛል። የጀርመኑ አውቶቡስ አደባባዩ ላይ ሞተሩን አስነሥቷል፤ ደብዳቤውን ለሹፌሩ ልሰጠው ነው። የአንተ ትከሻ ከአባትህ ይሰፋል። ትራሱን በማን ልክ እንደሚሠራው ለሰውየው ሳልነግረው እየወጣሁ ነው።