ሽንኩርት የሌለበት ተዝካር

ራጉዬ፣

እንደምን ሰንብተሃል እንዳልልህ ባለህበት መሰንበት ይኑር አይኑር አላውቅም። እኔ አለሁ፤ እዚያው ፌርፋክስ፣ እዚያችው የበርበሬ ሱቄ ውስጥ። ከተለየኸኝ ዓመት ሞላ። ደቀ መዛሙርትህ ይህን ቢያነቡ ያርሙኛል። በእነሱ ዘንድ ባሌ ራጉ የሞተው ራሱን ተላጭቶ ብርቱካናማውን ጨርቅ የለበሰ ዕለት ነው፤ ዓምና ያረፈው ስዋሚያቸው፣ መንፈሳዊ መምህራቸው ነው እንጂ የእኔ ባል አይደለም። እሺ ይሁን። እንግዲያው አንድ ባል ሁለት ጊዜ ሞተብኝ፤ አንዱንም ጊዜ ግን ለቅሶ አልተቀመጥኩም።

የቤቱን ወሬ ላስቀድም። ከሱቁ ጀርባ ያለችው ክፍልህ እንደነበረች ናት፤ ጥቁር ሰሌዳህን አላወረድኩትም። ጎረቤታችን የነበረው ምግብ ቤት ተዘግቶ የውሻ ፀጉር ማስተካከያ ሆኗል። አዎ፣ የውሻ። ጠዋት ሱቄን ስከፍት ሽቶ የተቀቡ ውሾች በአጠገቤ ያልፋሉ፤ አንተ ብትኖር አንዱንም ሰላም ሳትል አታሳልፍም ነበር። ጉልበቴ ደክሟል፤ ጆንያ የሚያነሳልኝ ሰው ቀጥሬያለሁ። ሻይ የምትጠጣበት የብረት ኩባያ መደርደሪያው ላይ አለ። እኔም አልጠጣበትም፣ ለሌላም አልሰጠሁትም።

ሰሞኑን የማስበው የደብረ ማርቆሱን ነው። አንተ ከሕንድ የመጣህ የሒሳብ መምህር፣ እኔ የትምህርት ቤቱ ታይፒስት። የፈተና ወረቀትህን ይዘህ ትመጣለህ፣ እጽፍልሃለሁ፤ ስህተት ሳይኖረው ስህተት አለው ብለህ ትመልሰዋለህ። ጅል መስዬህ ነበር? ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አውቄብሃለሁ። በማዘጋጃ ቤት ስንፈራረም ከዘመዶቼ አንድም ሰው አልመጣም፤ ያልተጠመቀ አገባች ተባልኩ፣ ቁርባንም ቀረብኝ። እናቴ ደግሞ «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ብላ ተረተችብን። አንተ ያን ተረት ወደድከው። በየዓመቱ የጋብቻችን ቀን ሲመጣ መቀነቴን ጎተት እያደረግህ፣ በዚያ በተሰባበረ አማርኛህ፣ «ገና አልተፈታም!» ትለኝ ነበር።

እዚህ ባሕር ማዶ መጥተን ቀን ፓርኪንግ ትሠራ ነበር፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ከሱቁ ጀርባ ስለ ነፍስና ስለ ዝምታ ማስተማር ጀመርክ። የመጀመሪያዎቹ ተማሪዎችህ ከዌስትውድ የመጡ የዩኒቨርሲቲ ልጆች ነበሩ። ወንበር አልነበረንምና በበርበሬ ጆንያ ላይ ይቀመጣሉ። ዓይናቸውን ጨፍነው ጸጥ ሲሉ አንዱ ያስነጥሳል፣ ሌላው ይቀጥላል፣ ከዚያ ክፍሉ በሙሉ። አንተም ፈገግ ሳትል፣ ማስነጠስም ዓለምን ከመተው ይቆጠራል ትላቸዋለህ። እኔ ከበሩ ማዶ አፌን በነጠላዬ ይዤ ስቄ ስቄ ልሞት ነበር። ራጉዬ፣ ደስተኛ የነበርኩት ያኔ ነው። ሰዉ በዝቶ ካልቨር ሲቲ ቤት ሲከራዩልህም ደስ ብሎኛል፤ ወደዚያ የሄድከው ለማስተማር መስሎኝ ነበርና።

ልጅ አልሰጠንም። ይህን የማነሳው ላስከፋህ አይደለም፤ ነገሩ ሁሉ ከዚህ ስለሚነሳ ነው። አንድ ከሰዓት በኋላ ሱቅ ውስጥ ሽሮ ስመዝን መጥተህ ፊት ለፊቴ ቆምክ። ለራሴ ፍትሐት ላደርግ ነው፣ ያለ አንቺ ፈቃድ ግን አይሆንም አልከኝ። በእኛ አገር ወራሽ የሌለው ሰው፣ ከሞትኩ ማን ያስበኛል ብሎ የሚሰጋ፣ በሕይወት ሳለ ደግሶ ተዝካሩን ያወጣል። የቁም ተዝካር ነው። ካህናቱ ይጸልያሉ፣ ጎረቤት ይበላል ይጠጣል፤ ባለ ተዝካሩም አብሮ በልቶ፣ እጁን ታጥቦ፣ ሚስቱን አስከትሎ ቤቱ ይገባል። እኔ የመሰለኝ ይኸው ነው። ልጅ ያልወለድኩለት ሰው ተዝካሬን ማን ያወጣልኛል ብሎ ሲጨነቅ ኖሯል አልኩ በልቤ። ምን ገዶኝ፣ ምግቡንም እኔው እሠራዋለሁ አልኩህ። ደግመህ ጠየቅከኝ፤ ደግሜ እሺ አልኩ። እንደገና ስትጠይቀኝ ምነው ድርቅ አልክብኝ ብዬ ሳቅሁብህ። አንተ አልሳቅክም። በሕጋችን አይፈቀድምና ሽንኩርትም ነጭ ሽንኩርትም አይግባበት ብለህ ብቻ ወጣህ። ወጥ ያለ ሽንኩርት! ዕድሜ ልክህን የእኔን ቁሌት ስትበላ የኖርክ ሰው።

ሠራሁት። ካልቨር ሲቲ ይዤው ስደርስ ከሕንድ የመጡ አንድ ሽማግሌ ስዋሚ ነበሩ። ራስህን ላጩህ፤ ከትከሻህ የማይለየውን የሃይማኖትህን ክር አወለቅህ፤ እኔው የቀቀልኩትን ሩዝ እያድቦለቦልክ፣ እንደ ሙታን ድርሻ፣ ለአባትህ፣ ለአያትህ፣ መጨረሻ ላይ ለራስህ አኖርክ። ረጅም ስም አወጡልህ። እስከ ዛሬ በዚያ ስም ጠርቼህ አላውቅም፣ እዚህም አልጽፈውም። ሰዉ ምስሬን በልቶ አመሰገነኝ። እኔም ድስቴን አጥቤ፣ መኪናዬ ውስጥ ገብቼ፣ ድስቱን ጭኔ ላይ አድርጌ፣ ሞተሩን አስነስቼ ጠበቅኩህ። ትመጣለህ ብዬ የጎኔን በር ከፍቼልህ ነበር። ከተማሪዎችህ አንዷ መጥታ በመስኮቱ ጎንበስ አለችና፣ በለሰለሰ ድምፅ፣ ስዋሚ ከእንግዲህ ወደዚያ ቤት አይሄድም፣ ሚስትም የለውም አለችኝ። እኔ ደግሞ ሞኟ ታዲያ ራት የት ሊበላ ነው ብዬ ጠየቅኋት።

ኋላ አንድ ቄስ አስረዱኝ። በእኛም ዘንድ ሰው ሲመነኩስ፣ ለዓለም ሞቷል ተብሎ፣ ፍትሐት ይደረግለታል። ልመንኩስ ነው ብትለኝ ኖሮ በአንድ ቃል ይገባኝ ነበር፤ በአንድ ቃልም እምቢ እልህ ነበር። አንተ ይህን አጥተኸው ነው? እኔ እንዳልገባኝ ገብቶህ ነበር? ስንት ዓመት ይህን ጥያቄ ይዤ ዞርኩ፤ ስትሞት መልሱን ይዘኸው ሄድክ። የሒሳብ መምህር ነበርክ። ተማሪ ሳይገባው አዎ ገብቶኛል ሲል ከፊቱ ታውቅ ነበር። የኔንስ ፊት እንዴት አላየህም እላለሁ። አይተህ ከሆነስ ብዬ ደግሞ እፈራለሁ።

ጥቂት እሑዶች ከቤተ ክርስቲያን ስወጣ እዚያው ካልቨር ሲቲ አዳራሽህ መጥቼ ከኋላ ተቀምጫለሁ። በር ላይ ስታገኘኝ እናቴ አልከኝ፤ ሴቱን ሁሉ እንደምትለው። እናትህ! አንድ ቀን ግን ስታስተምር በመካከል ቆም አልክና፣ ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ብለህ በእንግሊዝኛ ተናገርክ። ሰዉ የጥንት ጥበብ መስሎት ራሱን እየነቀነቀ ጻፈው። የእናቴን ስድብ! ቀና ብዬ አየሁህ። አንተ ወለሉን ታይ ነበር። ከዚያ ወዲህ አልመጣሁም። ያን ጊዜ ብታየኝ ኖሮ እመጣ ነበር።

መሞትህን ያረዳኝ ሙሉጌታ ነው፤ ደብረ ማርቆስ ሒሳብ ያስተማርከው፣ ዛሬ ታክሲ የሚነዳው። ሽሮ ሊገዛ መጥቶ ስልኩን አሳየኝ፤ «እትዬ፣ ሶሪ እንግዲህ፣ ይሄ ሚስተር ራጉ አይደሉም እንዴ? ፓስ አዌ አድርገዋል እኮ፤ ሰዎቹ ፖስት አድርገውታል።» ሽሮውን መዘንኩለት። ሰጠሁት። ከዚያ ነው የተቀመጥኩት። በማግሥቱ ካልቨር ሲቲ ስሄድ ያችው በመኪናዬ መስኮት ጎንበስ ያለችው ልጅ ናት በሩን የከፈተችልኝ፤ ፀጉሯ ሸብቷል። አቀፈችኝ፣ ውሃ ሰጠችኝ። ካረፍክ ሰንብተህ ኖሯል፤ አስከሬንህን አቃጥለው አመድህን ባሕር ላይ በትነውታል። አንድ እፍኝ ብታስቀሩልኝ ምን ነበር አልኳት፤ ስዋሚ ቤተሰብ አልነበረውም አለችኝ፣ እያለቀሰች። ክፋት የላትም። ክፋት ቢኖራት ይሻለኝ ነበር።

የእኛ ሰዎችስ? ለእድራችን ሰብሳቢ ለወይዘሮ ብርቄ ደወልኩላት። «እትዬ አስካለ፣ እኛ እኮ እምቢ አላልንም» አለችኝ። «ሶ፣ ምን ብለን አናውንስ እናድርግ? ባሏ እንዳንል ትቶሽ ሄዷል፣ ነፍስ ይማር እንዳንል አልተጠመቀም። ሰዉ ኮንፊውዝ ይሆናል።» ቄሱም እጄን ይዘው፣ በፍቅር፣ አይቻልም አሉኝ። በአንተ ሰዎች ዘንድ ሚስት አይደለሁም፤ በእኔ ሰዎች ዘንድ አንተ ሟች አይደለህም። ጥቁር ለብሼ ሱቄን ከፈትኩ። ደንበኛው ሁሉ ማን ሞተብሽ ይለኛል፤ መልስ ሳጣ ጥቁሩን አወለቅሁት።

አሁን ያደረግሁትን ልንገርህ። ሙት ዓመትህ ሲቃረብ ለብርቄ እንደገና ደወልኩና የቁም ተዝካሬን ላወጣ ነው አልኳት። ልጅ የለኝ፣ ዘመድ የለኝ፣ ስሞት ማን ያስበኛል አልኳት። ምርር ብላ አለቀሰች። ለአንተ ያልወጣው እንባ ለእኔ፣ ለቋሚዋ፣ ወጣ። የእድሩ አዳራሽ ተሰጠኝ፣ ወንበሩ ተደረደረ፣ እድሩ በሙሉ ነቅሎ መጣ። አንተ ባረፍክበት ቀን ነው ያደረግሁት። እንጀራው ከጎረቤት መጣ፤ ምስሩን ግን ለማንም አልሰጠሁም፣ ራሴ ሠራሁት። ሽንኩርትም ነጭ ሽንኩርትም አላስገባሁም። ጥግ ላይ ሩዝ አኖርኩ።

ሰዉ ቀመሰ፣ እርስ በርሱም ተያየ። ሙሉጌታ፣ ሌላው ቢቀር አንተን የሚያውቅህ ሙሉጌታ፣ «እትዬ፣ ይሄ ወጥ ሽንኩርት የለውም እንዴ?» ብሎ ሚጥሚጣ ጠየቀኝ። ብርቄ ጎኑን ጎሰም አደረገችውና፣ «ተው፣ እርጅና ነው፣ ረስታዋለች» ስትለው ሰማሁ። ረስታዋለች! ምስሩን ጨመርኩላቸው። ቄሱ ወለተ ማርያም እያሉ በክርስትና ስሜ ሲጸልዩ እኔ በልቤ ራጉ፣ ራጉ እል ነበር። የበሉት ያንተን ተዝካር ነው። አንተ ሳይገባኝ አስፈቀድከኝ፤ እኔም ሳይገባቸው አበላኋቸው። ተማሪህ አይደለሁ?

ቀለለኝ ብልህ ውሸት ነው። ተዝካር ይበላል እንጂ አይለቀስበትም። እኔ የፈለግሁት አንዲት ሴት ደረቷን እየመታች፣ ስምህን እየጠራች፣ ከእኔ ጋር እንድታለቅስ ነበር። ያ አልሆነም፤ አይሆንምም። ደቀ መዛሙርትህ ስዋሚውን ለልጆቻቸው ይነግራሉ፤ ጥሩ ስዕል አለህ ግድግዳቸው ላይ። በትክክል የተጻፈ ወረቀት እየመለሰ የሚመጣውን፣ መቀነቴን የሚጎትተውን ሰውዬ ግን ከእኔ በቀር የሚያውቀው የለም። ሙሉጌታ እንኳ የሚያስታውሰው ኩርኩምህን ነው።

እንግዶቹ ሲሄዱ ድስቴን አጥቤ መኪናዬ ውስጥ ገባሁ። በአንተ ሕግ ተዝካሩ የተበላለት ሰው ባልም ሚስትም አይደለም፤ እንግዲህ እኔም እንደ አንተ ሞቻለሁ። በእኔ ሕግ ግን በልቶ፣ እጁን ታጥቦ፣ ቤቱ ይገባል። ድስቱን ጭኔ ላይ አድርጌ ሞተሩን አስነሳሁ። የጎኔን በር ከፈትኩት። ጠበቅኩ። አሁንማ አይመጣም ብሎ የሚነግረኝ እንኳ አልነበረም፤ በሩን ራሴ ዘግቼ ወደ ቤት ነዳሁ።

ራጉዬ፣ እስክሞት ድረስ አልረሳህም። ስሙን ትቻለሁ ብትልም ራጉ ብዬ አስብሃለሁ፤ በየዓመቱም ያንን የማይጥም ምስር ሠርቼ ብቻዬን እበላልሃለሁ። ከእኔ በኋላ ግን የሚያስታውስህ ሰው ላገኝልህ አልቻልኩም። ይቅር በለኝ።

ሚስትህ፣
አስካለ