የመሪጌታ ዘማርያም በግና የእኔ ቪዛ

ለተከበሩ የቪዛ ክፍል ኃላፊ
(አገርዎን ለክብሩ ስል በስም አልጠራውም)

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንዴት ሰንብቷል እላለሁ። የአገርዎ ብርድ አጥንት ይሰብራል ሲሉ ሰምቻለሁና ጉልበትዎንም ወገብዎንም ፈጣሪ ይጠብቅልዎ። ራስዎንም ደህና አድርገው ይሸፍኑ፤ ለብርድ ብቻ እስከሆነ ድረስ በእናንተ ዘንድ ነውር እንዳልሆነ ተረድቻለሁ።

ራቢያ እንድሪስ እባላለሁ። ደብረ ማርቆስ ተወልጄ ያደግሁ፣ በነርስነት ዘጠኝ ዓመት ያገለገልሁ ሙስሊም ነኝ። አባቴ ልብስ ሰፊ ነበር። ኩላሊቱን ታሞ፣ ለእጥበት በሳምንት ሁለት ቀን በሚኒባስ ሌላ ከተማ ድረስ ሲመላለስ ዓመት ሳይሞላው ሞተብኝ። ነርስ ልጁ አጠገቡ ከመቀመጥ በቀር ያደረግሁለት ነገር አልነበረም። የኩላሊት እጥበቱን ሙያ ውጭ አገር ሠርቼ፣ ተምሬ ልመለስ ብዬ የተነሣሁት ከዚያ በኋላ ነው።

ታዲያ ለሒጃብ ለባሽ ሴት እንግዳ ተቀባይ የሆነ የአውሮፓ አገር መምረጥ ባል ከመምረጥ ይከብዳል። ከሥራ ባልደረባዬ ከወንጌላዊት ጋር በምሳ ሰዓት በስልኳ አገር ስናማርጥ ሰነበትን። አንዱ አገር ነርሷን ይፈልጋል፣ ሒጃቧን አይፈልግም። ሌላው ሒጃቡን ይፈቅዳል፣ በምርጫ እየቀናው ያለው ፓርቲ ግን ለባሿን ሊያባርር ምሏል። ሦስተኛው ስለ ሃይማኖት ምንም አይልም፤ ስለ ነርስም ምንም አይልም። የእርስዎ ግን «ልባችንም በራችንም ክፍት ነው» ይላል። ወንጌላዊት «በቃ፣ ይኸ ነው!» አለች። እኔም አመንሁ።

ስለዚህ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

፩. በርዎ እንደተባለው ክፍት ነበር። አራት ሰዓት ሙሉ ፀሐይ ላይ ያቆመን ከበሩ በፊት ያለው አጥር ነው።

፪. ከሌላ ሃይማኖት ሰዎች ጋር መኖር እንደምችል የሚያረጋግጥ ማስረጃ እንዳመጣ ስላዘዙኝ አመሰግናለሁ። ደብረ ማርቆስ ላይ ሙስሊም ሆኖ ማደግ ራሱ ማስረጃ ይመስለኝ ነበር። የአጥር ጎረቤታችን፣ የቅኔ መምህሩ መሪጌታ ዘማርያም፣ በደስታ ምስክርነት ጻፉልኝ። ሲደግሱ ለእኛ የሚሆነውን ወጥ እናቴ በራሷ ድስት እንድትሠራ እንደሚያስጠሯት፣ አባቴ ሲሞት ሦስት ቀን ከድንኳኑ እንዳልተለዩ፣ ሁሉንም በዚያ በሚያምር እጅ ጽሕፈታቸው አሰፈሩት።

፫. ቃለ መጠይቅ ያደረገልኝን ወጣት ሠራተኛዎን በተለየ አመሰግናለሁ። «ከክርስቲያን ጎረቤት ጋር ተጋጭታችሁ ታውቃላችሁ?» አለኝ። መዋሸት ኃጢአት ነውና «አዎ፣ አንድ ጊዜ» አልሁ፤ «የመሪጌታ በግ ጎመናችንን ጨርሶብን አባቴና እሳቸው ሳምንት ተኳርፈዋል።» እሱ ጻፈ። እንዴት ታረቁ ብሎ አልጠየቀኝም። ቢጠይቀኝ ኖሮ መሪጌታ ራሳቸው የጎመን ችግኝ ተሸክመው መጥተው፣ ከአባቴ ጋር አጎንብሰው ሲተክሉ እንደዋሉ እነግረው ነበር።

ከሁለት ወር በኋላ አዲስ አበባ ተጠርቼ መልሳችሁን ተቀበልሁ። «አመልካቿ ከክርስቲያኖች ጋር የግጭት ታሪክ አላት፤ የክርስትና መምህር ለሙስሊም የጻፈው ምስክርነትም ተአማኒ ሆኖ አልተገኘም» ይላል። ክቡር ሆይ፣ ተጣልተናል ስንል አመናችሁን፤ ተፋቅረናል ስንል ጠረጠራችሁን። ይህን የመሰለ ፍርድ በየትኛው ትምህርት ቤት እንደሚማሩት ቢነግሩኝ ልጆቻችንን ከዚያ እናርቅ ነበር።

ወረቀቱን ይዤ ዓባይን ስሻገር፣ አውቶቡሱ ውስጥ ፊቴን ወደ መስኮቱ አዙሬ አለቀስሁ። ቪዛውስ ይቅር፤ የከበደኝ መሪጌታን እንዴት ብዬ እንደምነግራቸው ነበር። በሰባ አምስት ዓመታቸው ሐሰተኛ ተብለዋልና።

ቤታቸው ሄጄ ወረቀቱን ሳነብላቸው እስከ መጨረሻው ሰሙኝ። ባለቤታቸው እትዬ ታየች ግን «ያ በግ ከሞተ ሃያ ዓመቱ አይደለም እንዴ? በሞተ በግ ሰው ይከለከላል?» ብለው ጮኹ። መሪጌታ መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን ጠረጉና «ልጄ፣ እንግዳ ተቀባይ ነን ማለታቸው ሐሰት አይደለም» አሉኝ፤ «ሰውየው የተቀበለው ግን እንግዳ ወሬ ነው።» ከዚያ ሁላችንም ሳቅን። እኔ ከሳቁ ቀጥዬ እንደገና አለቀስሁ።

የሆነው ሆኖ ክቡርነትዎ አይጨነቁ። አዲስ አበባ ለሚሰጥ የኩላሊት እጥበት ሥልጠና አመለከትሁ። ፈታኟ የጠየቁኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «መርፌ ስትይዢ እጅሽ ይንቀጠቀጣል?» አይንቀጠቀጥም አልኋቸው። ተቀበሉኝ። ትናንት መናኸሪያ መሪጌታ «እግዚአብሔር ይከተልሽ» ብለው ሲመርቁኝ እናቴ «አሚን» አለች፤ እትዬ ታየችም ቋጠሮዬን አቀበሉኝ። ሥልጠናው ሰኞ ይጀመራል።

ሥራ በዝቶብዎ ሳለ ይህን ያህል ስላነበቡልኝ እጅ እነሳለሁ። ማኅተምዎ ቀለም አይጣ፤ ወንበርዎ አይጉደል፤ በእርጅናዎም ዘመን ደግ ነርስ ይግጠምዎ።

ከታላቅ አክብሮት ጋር
ራቢያ እንድሪስ
የደብረ ማርቆስ ልጅ፣ ከአዲስ አበባ

ማስታወሻ፦ ወደ እኛ አገር ለጉብኝት ብቅ ካሉ ማስረጃ የሚጠይቅዎ የለም። ቤተ ክርስቲያን ሲገቡ ጫማዎን ያወልቃሉ፤ መስጊድም ሲገቡ እንደዚያው ነው። ሁለቱ ደጆች በዚህ ተመካክረው ይሆን ብለው ከጠረጠሩ፣ መዝገብዎ ላይ ያስፍሩት።